ሦስተኛው ሽማግሌ፦ ከዲላ ቡሌ ደርሶ መልስ

ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት፣ ዲላ

ዲላ መናኸሪያ አጠገብ ቆሜያለሁ። ሌሊቱን የዘነበው ዝናብ አስፋልቱን አርሶታል፤ ባጃጆቹ ግን ከወዲሁ እየተጋፉ ነው። የመጣሁት ስለ ጌዴኦ ምግብ፣ ፖለቲካ፣ ቋንቋና ባህል ልጽፍላችሁ ነበር። ሦስት ቀን ስበላና ስጠይቅ ሰነበትኩ። ዛሬ ግን ጋቢ ተውሼ የቆምኩት የሰው ልጅ ለትዳር ልለምን ነው። ለራሴ አይደለም፤ ባለቤቴ ይህን ስታነብ ትረጋጋ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትናንት ከወናጎ ስመለስ ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠ አንድ ጎልማሳ ጸጉሬን ትክ ብሎ ያያል። ደሳለኝ ይባላል። የደብረ ማርቆስ ሰው ነው፤ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ የላብራቶሪ ቴክኒሻን ሆኖ ዲላ ስምንት ዓመት ኖሯል።

«ጋሼ፣ ነገ ሥራ አለዎት?» አለኝ።

ምሕረት የምትባል ነርስ ይወዳል፤ የቡሌ ልጅ ናት። ለቤተሰቦቿ ሽማግሌ ሊልክ ቀን ከቆረጠ በኋላ ከሦስቱ ሽማግሌዎች አንዱ ወገባቸውን ታመው ተኙ። ሁለት ሽማግሌ ደግሞ አይላክም፤ በእነሱ አገር ቁጥሩ ጎዶሎ መሆን አለበት።

«እኔ እኮ ገና አርባ ሁለት ዓመቴ ነው» አልኩት።

«ሽበትዎ ስልሳ ይላል።»

ተናደድኩ። ከዚያ «የቡሌ ቡላ ቀምሰው ያውቃሉ?» ሲለኝ ንዴቴ በረደ። ሆዳምነቴን መቼም ታውቁታላችሁ።

12፡40፣ ከከተማ ስንወጣ

የምንጓዘው በሐጂ ከድር ሚኒባስ ነው፤ የሚነዱትም እሳቸው ናቸው። አባታቸው ከጉራጌ አገር መጥተው ዲላ ሱቅ ከፍተው ነበር፤ ሐጂ ያደጉት እዚያው ባንኮኒ ሥር ነው። የጌዴኦን ቋንቋ፣ ጌዴኡፋን፣ እንደ ጌዴኦ ይናገሩታል። ሁለተኛው ሽማግሌ ጋሽ ታደሰ ናቸው፤ የደሳለኝ አገር ሰው፣ ጡረታ የወጡ መምህር። ጡረታ የወጡት ግን ከደመወዙ እንጂ ከማስተማሩ አይመስለኝም።

«ስማ» አሉኝ ወደ ኋላ ዞረው፣ «እሺ እስኪሉን ድረስ አንቀመጥም። እህል አንቀምስም።»

«ውሃስ?»

«ውሃም!»

ደሳለኝ ከኋላ ወንበር ላይ ጥፍሩን ይበላል። ቢያንስ እሱ የሚበላው አለው።

መንገዱ ሽቅብ ነው። ቡናና እንሰቱ፣ ከበላያቸው ትልልቅ ዛፍ፣ ከዛፉ ሥር ቤት፤ የት ጫካው አልቆ የት ጓሮው እንደሚጀምር ዓይኔ አልለይ አለ። ከፍ እያልን ስንሄድ ቡናው ጠፋ፤ እንሰቱና ቀርከሃው ቀሩ። ብርዱም መጣ። ጋቢው የተውሶ ቢሆንም አመሰገንኩት።

ሐጂን ስለ ፖለቲካ ጠየቅኋቸው፤ ክልሉ ከተለወጠ ወዲህ ምን አዲስ ነገር አለ?

«ከሱቄ ሳልነሳ ክልል ቀየርኩ» አሉኝ መሪውን እየጠመዘዙ። «ማኅተሙ ተለወጠ። ማኅተም ለማስመታት የሚሰለፈው ሰው ያው ነው።»

ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩት። መንገዱ ጉድጓድ በጉድጓድ ስለሆነ ጽሑፌን አሁን የማነበው በግምት ነው።

3 ሰዓት፣ ቡሌ ከተማ

ጉም። ከፊት ለፊቴ ያለው ፈረስ ጭንቅላቱ ይታየኛል፣ ጭራው አይታየኝም። ሻይ ቤት ገብተን ዝንጅብል ያለበት ሻይ ጠጣን፤ አንዱ አሥራ አምስት ብር። ሙሽራ ከሽማግሌ ጋር በሙሽሪት ቤት ደጅ አይታይምና ደሳለኝ እዚሁ ይቀራል።

ልንወጣ ስንል ክንዴን ያዘኝ። «ጋሼ፣ ምሕረት አባቷ እምቢ ካሉ እምቢ ናት። ነግራኛለች፣ አባቴን አላስቀይምም ብላለች። ሁለተኛ ዕድል የለኝም።»

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ነገሩ ለእኔ ቀልድ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን የተውሶውን ጋቢ አስተካክዬ እንደ ሽማግሌ ለበስኩ።

4፡30፣ አቶ በራሶ ቤት

መኪና አይገባም። አንድ ሰዓት ያህል በጭቃ በእግራችን ሄድን። ሁለቴ ወደቅሁ፤ ጋሽ ታደሰ በሁለቱም ጊዜ «ሽማግሌ ቀስ ብሎ ነው የሚራመድ» አሉኝ።

የምሕረት አባት አቶ በራሶ ቁመታቸው በሩን የሚያክል፣ ሳቃቸው ቅርብ የሆነ ገበሬ ናቸው። ከምድጃው አጠገብ እናታቸው ተቀምጠዋል፤ የምሕረት አያት መሆናቸው ነው። አማርኛ አይሰሙም። የአቶ በራሶ ባለቤት ገና ሳንገባ ገበታውን ደርድረዋል፤ በእንሰት ቅጠል ላይ የተቆረሰ ትኩስ ቆጮ፣ በቅቤ የራሰ ጎመን፣ አይብ፣ እና በጎድጓዳ ሳህን ነጭ የቡላ ገንፎ፣ መሐሉ ላይ ቅቤ የተኛበት።

«ሥጋ አላቀረብንም» አሉ የምሕረት እናት፣ «የማናችሁንም አምላክ እንዳናስቀይም።»

ጋሽ ታደሰ በሩ አጠገብ ተገትረው ቀሩ። እኛም አብረን ተገተርን።

«ተቀመጡ፣ ብሉ» አሉ አቶ በራሶ።

«ጉዳይ ይዘን ነው የመጣነው። እሺ ሳይሉን እህል አንቀምስም» አሉ ጋሽ ታደሰ።

«ቤቴ ገብቶ ያልበላ ሰው ጉዳዩን አልሰማም።»

«እንግዲያስ ቆመን እንውላለን።»

«ዋሉ!»

ጉድ ፈላ! አንዱ ካልሰማችሁኝ አልበላም ይላል፣ አንዱ ካልበላችሁልኝ አልሰማም ይላል። ሁለቱም ያከበሩ መስሏቸው እኮ ነው። ሐጂ ጣሪያውን ያያሉ። ሃያ ደቂቃ ቆምን። እኔ የማየው ቅቤውን ነበር። መጀመሪያ ያብረቀርቅ ነበር፤ ቀስ በቀስ ዳር ዳሩ መርጋት ጀመረ። የሰው ልጅ ስንቱን ይችላል?

ተቀመጥኩ። ቆጮውን በጎመን ጠቅልዬ ጎረስኩ።

ጋሽ ታደሰ «ልጁን ሸጥከው» አሉኝ በጥርሳቸው መሐል። እውነታቸውን ቢሆንስ? የማላውቀውን ሰው ትዳር በአንድ ጉርሻ አበላሽቼ ከሆነስ?

አቶ በራሶ ግን ጉልበታቸውን መትተው ሳቁ። «ይሄ ሰው ነው! አሁን ቤቴ ገባችሁ።» ሐጂ ቢስሚላህ ብለው ተቀመጡ፤ ጋሽ ታደሰ ብቻቸውን ቢቆሙ ምን ሊሆኑ፣ እሳቸውም ተቀመጡ። ቡላው አፍ ውስጥ ሳይታኘክ ይሄዳል። አያትየው አየት አደረጉኝና ለሐጂ አንድ ነገር አሉ።

«ይሄ ሽበታም ምን ሊሠራ መጣ እያሉ ነው። ስለ ጌዴኦ ሊጽፍ ነው አልኳቸው። በማን አፍ? አሉ» ብለው ተረጎሙልኝ።

ሦስት ቀን ሙሉ ስለ ቋንቋቸው የጠየቅሁት በአማርኛ ነበር። ሌላ ጎረስኩ።

ጋሽ ታደሰ ጉዳዩን በሥርዓት አቀረቡ። የልጁን ጨዋነት፣ ሥራውን፣ ዘሩን ዘረዘሩ። አቶ በራሶ እስከ መጨረሻው ሰሙ። አማርኛቸው ሴትና ወንድ አይለይም።

«ምሕረት ልጄ ነው። ተምሯል፣ ሥራ ይዟል፣ ያገባል፤ አልከለክልም። ግን ልጅ ይወልዳል። ልጁ ለእናቴ በምን ያወራል? ይሄ ደሳለኝ ስምንት ዓመት የእኛን ውሃ ጠጣ። ጌዴኡፋ ያውቃል?»

ጋሽ ታደሰ ጋቢያቸውን አስተካከሉ።

«ካድሬ ሲመጣ ምረጡኝ የሚለን በጌዴኡፋ ነው። ከመረጥነው በኋላ ቢሮ ስንሄድ፣ ነገ ተመለሱ የሚለን በአማርኛ። ለምዶናል። አማች ግን ካድሬ አይደለም።» ወደ እናታቸው አመለከቱ። «ይምጣና እናቴን ራሱ በጌዴኡፋ ይጠይቅ።»

ጋሽ ታደሰ ቱግ አሉ። «ሙሽራ በሽምግልና ቀን ደጅ አይታይም!»

«ጋሼ፣ እኔ እንደሆነ በልቻለሁ» አልኩ፣ «ከእንግዲህ ምን የቀረ ሕግ አለ?» ብዬ ስልኬን አወጣሁና ለደሳለኝ ደወልኩ።

6፡15፣ እዚያው

አንድ ሰዓት የፈጀብንን መንገድ ደሳለኝ በግማሹ መጣ። እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው። ሐጂ በር ላይ ይዘው ጆሮው ውስጥ አንዲት የጌዴኡፋ ዓረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ ነገሩት። ገባና አያትየው ፊት ቆመ። በጌዴኡፋ ሰላምታ ሰጠ፤ እሱን ገበያ ላይ ለምዷል። ከዚያ አፉን ከፈተ፣ ምንም አልወጣም። እንደገና ከፈተ። ጆሮው ድረስ ቀላ።

«ጠፋብኝ» አለ በአማርኛ፣ መሬት መሬቱን እያየ። «አላውቀውም። ስምንት ዓመት ሁሉም ሰው በአማርኛ ሲመልስልኝ፣ መማር እንዳለብኝ እንኳ አላሰብኩም። አፍሬያለሁ።»

ሐጂ ሊተረጉሙ ሲሉ አያትየው በእጃቸው አስቆሟቸው። ከጭቃማው እግሩ እስከ ፊቱ አዩት። ከዚያ አጭር ነገር ተናገሩ።

ሐጂ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «መተርጎም አያስፈልግም፣ ፊቱን አይቻለሁ አሉ። ያፈረ ይማራል አሉ።»

አያትየው ጎትተው አጠገባቸው አስቀመጡት። ያቺን ዓረፍተ ነገር ራሳቸው ቃል በቃል እያሉ አስደገሙት፤ «ልጅሽን ስጪኝ ብዬ መጣሁ» ማለት ነው። ሲሳሳት ጉልበቱን ይመቱታል። በአምስተኛው ያለ ስሕተት ተናገረ። አያትየው ከገበታው ቆጮ ቆርሰው በእጃቸው አጎረሱት፤ አቶ በራሶም «እሺ ብለናል» አሉ።

ጋሽ ታደሰ ተነስተው መረቁ። ዓይናቸው እርጥብ ነበር፤ ጭሱ ነው አሉ፤ እሺ ብለናል።

9 ሰዓት፣ ወደ ዲላ

ቡሌን ስንለቅ የጠፋው የስልክ መስመር ቁልቁለቱ ላይ ሲመለስ ደሳለኝ ለምሕረት ደወለ። ድምፁን ለሁላችንም ክፍት አደረገው።

«እሺ ወይስ እምቢ?» አለች ምሕረት። ሰላም እንኳ አላለችውም።

ደሳለኝ አልመለሰላትም። ያቺን ዓረፍተ ነገር በአያቷ ቋንቋ፣ ቀስ ብሎ፣ አንድም ሳይስት አላት።

መጀመሪያ ከት ብላ ሳቀች። ከዚያ ሳቁ ቆመ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎን ሐጂ ሚኒባሱን ጥግ አስያዙ።

«ምሕረት? አለሽ?»

«አለሁ» አለች። ድምፁ የሳቀችው ሴት ድምፅ አልነበረም። «ድገመው።»

ደገመው።

«ድገመው።»