«ቴክ» ያስቀመሰችኝ ኩርኩም

አንዲት የእንግሊዝኛ ግስ አንድ ሙሉ ክረምትና ሁለት ሣጥን ቲማቲም አስከፍላኛለች። ሰሞኑን ለቡ፣ ከሱቄ ፊት ለፊት የተከፈተው በርገር ቤት «ቴክ አዌይ» የሚል ቀይ ማስታወቂያ ሲሰቅል፣ እጄ ሳላዝዘው አናቴን ማሸት ጀመረ።

ያኔ መካኒሳ መንገድ ዳር አትክልት እቸረችር ነበር። ክረምት ክረምት፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ጋሽ ዘውዴ የሚባሉ ጡረተኛ አስተማሪ በእድራችን ቤት፣ በብረት ድስትና በተጠቀለለ ድንኳን መሀል እንግሊዝኛ ያስተምሩን ነበር። ሕጋቸው አንድ ነው፤ ያወቀ ያላወቀውን ይኮረኩማል። እኛም የራሳችን ሕግ ነበረን፤ ጓደኛህን ስትኮረኩም እጅህን ከፍ ታደርግና አናቱ ላይ ስትደርስ ታላላዋለህ። ማስፈራራቱ ለጋሼ፣ ምሕረቱ ለጓደኛ።

ግርማ ጓደኛዬ ነበር። አንድ የተጠበሰ በቆሎ ለሁለት ሰብረን እየጋጥን፣ ጭቃውን አብረን እያቦካን ነው የምንመጣው። አንድ ቅዳሜ ጋሼ «ቴክ» የገባችባቸው ሰባት ዓረፍተ ነገሮች ሰሌዳው ላይ ጻፉ። እኔ ሰባቱንም «መውሰድ» አልኩ። ግርማ ተነሳና፣ መድኃኒት ሲሆን መዋጥ፣ ፎቶ ሲሆን ማንሳት፣ ታክሲ ሲሆን መሳፈር እያለ ዘረገፈው። ከዚያ ሰባት ኩርኩም፣ አንዱንም ሳያላላ፣ አወረደብኝ።

«ቲማቲም መሰለህ እንዴ? እንግሊዝኛ በኪሎ አይሸጥም!» አለ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ።

አናቴ በሦስት ቀን ዳነ። ሳቁ አልወጣልኝም።

ከአንድ አሮጌ መጽሐፍ ነጋዴ፣ ኪራዩን በጎመን እየከፈልኩ፣ ወፍራም መዝገበ ቃላት ወሰድኩ። ዝናቡ የመደቤን ሸራ ሲደበድብ እኔ ሳነብ ቲማቲሙ በሰበሰ። ቴክ ለካ እንግሊዝ አገር አልተወለደችም፤ ከሰሜን በባሕር ከመጡ ወራሪዎች ጋር ገብታ፣ የአገሬውን የገዛ ቃል ቀስ በቀስ አባርራ ቤቱን የያዘች ናት። ወደድኳት።

የመጨረሻው ቅዳሜ ለጋሼ አንድ እስር ቆስጣ ይዤ ሄድኩ።

«ጋሼ፣ ዛሬ ግርማን እኔ ልጠይቀው?»

ቆስጣውን አዩት። «ጠይቅ።»

«ቴክ ከየት መጣች?» አልኩት።

«ከእንግሊዝ ነዋ! ከመርካቶ ትምጣልህ?»

«አንድ» አልኩ። ልጅ አባቱን ሲመስል፣ ሰፊ ልብስ ሲጠብብ፣ ሰው ሲሸወድ፣ ሌላም ሌላም ሲሆን ቴክ እንዴት እንደምትገባ ጠየቅኩት። ጥያቄዬን ስጨርስ ዘጠኝ ስቷል።

ሦስተኛው ኩርኩም ላይ ዓይኑ እንባ አቀረረ። «በናትህ፣ ቀስ በል» አለኝ በለሆሳስ።

«ጋሼ፣ ስንት ደረስኩ?» አልኩ ጮክ ብዬ። ቀጠልኩ።

ደብተሩን ይዞ ወጣ። ዛሬ ጀሞ ነው የሚኖረው፤ ለቅሶ ቤት ስንገናኝ ወንበር ይቀይራል። ባለቤቴ «ይቅርታ ጠይቀው» ትለኛለች። አስቤበታለሁ፤ መጀመሪያ እሱ ይጠይቅ። ዘጠነኛው ላይ እጄ ሳላውቀው ላላ፤ የሚቆጨኝ ያ መላላቱ ብቻ ነው።

የገባ ሰባት፣ የወጣ ዘጠኝ። ግርማ እስከ ዛሬ አያናግረኝም።