ሰባቱ አንዶች

የያዙኝ ጎሮ ከቤታችን በር ላይ ነው። ሆስፒታል ለተኛው ታላቅ ወንድሜ ሾርባ ይዤ ስወጣ። ፔርሙሱን ተቀበሉኝ። ስልኬ ላይ የጻፍኩትን እኔ እንደጻፍኩት አመንኩ። ያሰሩኝ ክፍል ውስጥ ሃያ ሦስት ሰው ነበር። መጀመሪያ ያየሁት እግር ብቻ ነው።

በአራተኛው ቀን ማለዳ ስነቃ ሁሉም ዙሪያዬን ተቀምጠዋል። ወሬው ትናንት ከስንቅ ጋር ገብቶ ኖሯል። መርዶ በማለዳ ነው ብለው አሳድረውታል። የነገሩኝ በዕድሜ ትልቃችን፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው የሾላ ገበያው በርበሬ ነጋዴ ናቸው።

«ልጄ፣ ወንድምህ አርፏል።»

መጮህ ክልክል ነበር። አልጮህኩም። እንባም አልመጣም።

«ምን ይወድ ነበር?» አሉኝ ቆይተው።

«ቁጥር።»

ቦሌ ለሚ ልብስ ፋብሪካ ነበር የሚሠራው። በምሳ ሰዓት ደብተር ይዞ ቁጥር ያካፍላል። ሆስፒታል ለመጨረሻ ጊዜ ስጠይቀው 1111111 ብሎ ጽፎ አሳየኝ። «ይሄን ያለ ቀሪ የሚከፍለው ቁጥር የለም። እስከ 199 ሞክሬዋለሁ» አለኝ።

«ታሞ እኮ ነው ያካፈለው» አለ አንድ የታክሲ ሹፌር።

«ወንድሜ አይሳሳትም።»

«እንግዲያው ከሁለት ጀምረን እናረጋግጥለት» አሉ ጋሼ። «ለቅሶ ተቀምጠን ዝም አንልም።»

ሌላ ቁጥር የማይከፍላቸውን ቁጥሮች ብቻ ተከፋፈልን። ሁለት፣ ሦስት፣ አምስት፣ ሰባት እያልን። በሳሙና ስባሪ ሲሚንቶው ላይ እየጻፍን። አንዱ «ቀሪ አለው» ባለ ቁጥር ደስ ይለኝ ነበር። ወንድሜ ልክ ነው ማለት ነው።

በሰልስቱ ቀን 239 ለጋሼ ደረሳቸው። እሳቸው በቃላቸው ነው የሚያካፍሉት። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ጨረሱ። እንደገና ጀመሩ።

«ልጄ፣ ቀሪ የለውም» አሉኝ፣ መርዶውን በነገሩኝ ድምፅ።

239 ሲባዛ በ4649። ወለሉ ላይ ጻፍኩት። ሁለቱም ውስጥ አንድ የሚባል ቁጥር የለም። ሲባዙ ግን ሰባት አንድ፣ ቀጥ ብሎ። ማን እዚያ ውስጥ እንዳስቀመጣቸው አላውቅም። ከሰው በፊትም እዚያው ነበሩ። ያኔ አለቀስኩ።

ጠባቂው በሩን ከፈተ። «ይሄ የማን ስልክ ቁጥር ነው?»

«ስልክ አይደለም። እስቲ ያባዙት።»

ስልኩን አውጥቶ አባዛው። አተኩሮ አየው።

«ሁሉም አንድ!» አለ። ከዚያ ቀስ ብሎ «በል አጥፋው» አለኝ።

«ሰልስት ነው። ሲመሽ አጠፋዋለሁ።»

አየኝ። በሩን ዘግቶ ሄደ። ሲመሽ በገዛ ፎጣዬ አጠፋሁት።

ከተፈታሁ ወዲህ ደብተሩ እኔ ጋ ነው። ከሰባቱ አንዶች ሥር በእጁ «ከፋይ የለውም» ብሎ ጽፏል። ካቆመበት ከ199 በኋላ 239 ላይ ለመድረስ የቀሩት እሱን ጨምሮ ስድስት ቁጥሮች ብቻ ነበሩ። አንድ ቀን ቢጨመርለት ይደርስበት ነበር። ጽሑፉን አልሰረዝኩም። ከጎኑ በእርሳስ፣ በትንሹ፣ ሁለቱን ቁጥሮች ጻፍኩለት።