የማይወጣው ሲዲ

ባለፈው ቅዳሜ ዝናብ አባርሮኝ ያራቪል ሰፈር ካለ ያገለገሉ መጻሕፍትና ሲዲዎች መሸጫ ሱቅ ገብቼ ቆሜ ሳለ፣ ባለሱቁ አንድ ሲዲ ከፈተ። ጊታሩ በብርድ ጠዋት እንደሚነሳ ሞተር እያንገራገረ ሲጀምር፣ የእርጥብ ወንበር፣ የብርቱካን ልጣጭና የአባዬ የሥራ ጃኬት ሽታ አብሮ መጣብኝ። ቀጥሎ የሚመጣውን ከበሮ መደርደሪያው ላይ በጣቴ ቀድሜ መታሁት። የኛ ሲዲ ሁልጊዜ የሚዘልበት ቦታ ሲደርስ ግን ይሄኛው ሳይዘል አለፈ። ለካ እዚያ ጋ አንዲት ልጅ ትዘፍን ኖሯል! በቃሌ በያዝኩት አልበም ውስጥ ያልተዋወቅኳት ሰው በማግኘቴ ደስ ብሎኝ ብቻዬን ሳቅኩ። ባለሱቁ «ታውቂያቸዋለሽ እንዴ?» አለኝ፤ እሱ እንኳ ስማቸውን ሰምቶ አያውቅም ነበር። ሽፋኑን አሳየኝ። አራት ቀጫጭን ልጆች በረዶ የሸፈነው ፌርማታ ላይ ቆመዋል። መልካቸውን ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።

ሲዲው ወደ ቤታችን የገባው ከመኪና ጋር ነው። ከያራቪሉ ኪራይ ቤት ወጥተን ታርኔት፣ ዛፎቹ ገና ከሰው ጉልበት ያልዘለሉበት አዲስ ሰፈር የገባን ሰሞን፣ አባዬ ትምህርቱን ጨርሶ ወደ ሀገሩ ከሚመለስ ጀርመናዊ ተማሪ አንዲት ያረጀች መኪና ገዛ። ልጁ ቁልፉን ሲያስረክብ ትንሽ አፈረ። ማጫወቻው ውስጥ አንድ ሲዲ ተቀርቅሯል፣ አይወጣም፤ የጓደኞቹ ባንድ ነው፤ ከከተማቸው ውጪ ማንም አያውቃቸውም። እኔ ነበርኩ የማስተረጉመው። አባዬም «ንገሪው፤ እሷ ትሂድልኝ እንጂ ብትዘፍንም ግድ የለኝም» አለ።

ችግሩ ሞተሩ ሲነሳ ሲዲውም አብሮ ከመጀመሪያው መነሳቱ ነው። አንድ ጁምዓ አባዬ በጣም የሚያከብራቸውን የወሎ ሽማግሌ፣ ጋሼ ሰይድን፣ ከመስጊድ ወደ ቤታቸው ልናደርስ አሳፍረን፣ ቁልፉ ከመዞሩ ጀርመኖቹ ጮኹ። አባዬ ደንግጦ ማጥፊያውን ሲፈልግ ጭራሽ ድምፁን ጨመረው።

«ይሄ ሰውዬ ምን ሆኖ ነው?» አሉ ጋሼ ሰይድ።

«ጀርመን ነው ጋሼ፤ ተቀርቅሮ አልወጣ ብሎ ነው፤ አውፍ ይበሉኝ።»

ጋሼ ሰይድ ጥቂት አዳመጡና «የተቸገረ ሰው ድምፅ ነው» ብለው ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። «አላህ ከጭንቁ ያውጣው።» «አሚን» አልን፤ ሌላ ምን ይባላል? እንደዚያ ሆኖ ዘፋኙ ዱዓ የተደረገለት የቤታችን ሰው ሆነ።

ከዚያ አባዬ ዲር ፓርክ ካለ መጋዘን ናይት ሺፍት ገባ፤ የቤታችን ጭንቀትም አብሮት ገባ። አብሮት የሚሠራ ሰው ጠዋት ሲመለስ መሪው ላይ እንቅልፍ ወስዶት ከአጥር ጋር ተጋጭቶ ነበር። እማዬ ይህን የሰማች ቀን ወጡ አረረ። «ቁርኣን ክፈት፣ ያነቃሃል» ስትለው፣ አባዬ «ቁርኣን ልብን ያሳርፋል፤ እኔ ደግሞ መንገድ ላይ ማረፍ የለብኝም» አላት። የሚያነቃው የጀርመኖቹ ጩኸት ነበር።

አንድ ቃል ስለማይገባን ለዘፈኖቹ ስም ያወጣንላቸው እኛው ነን። የመጀመሪያው «ብርዱ» ነው። ቀጥሎ ያለውን፣ ከበሮው ወዝወዝ የሚለውን፣ አባዬ የባቲ ልጅ ነውና «ግመሏ» አለው። ዘፋኙ ያንኑ ቃል የሚደጋግምበት «ስልክ አንሺ» ነው። መጨረሻ ላይ ያለውን ለስለስ ያለ ዘፈን እማዬ «ደህና ግቡ» ብላዋለች።

አባዬ ጠዋት ከመጋዘኑ ሲወጣ ይደውልና «ወጣሁ» ብቻ ብሎ ይዘጋል። እኔ ያኔ የዩኒፎርሜን ካልሲ እየሳብኩ በሆዴ «ብርዱ»ን እጀምራለሁ። «ግመሏ» ላይ ከትልልቆቹ የጭነት መኪናዎች መሀል ይወጣል። «ስልክ አንሺ» ላይ ቤት የሌለበት ደረቅ ሣር ሜዳ ውስጥ ነው፤ እዚያ ጋ ትንፋሼን እይዛለሁ፤ ዘፈኑን አንድም ቦታ ካበላሸሁ መሪው የሚያመልጠው ይመስለኛል። «ደህና ግቡ» ሳይደርስ ግን ሁሌም የጋራዡ በር ይንቋቋል። ያን ዘፈን የምንሰማው ራቅ ስንል፣ ወደ ያራቪል ስንሄድ ብቻ ነው። ይህን ሁሉ ለማንም አልተናገርኩም፤ የኔ የብቻ ሥራ ነበር።

አንድ የክረምት ጠዋት ጉሙ የጎረቤቱን ቤት እንኳ ውጦት ነበር። አባዬ «ወጣሁ» አለ። «ብርዱ» አለፈ፣ «ግመሏ» አለፈች፣ ሜዳውን ተሻገርኩ። ጋራዡ ዝም። ቀስ አድርጌ ማዜም ጀመርኩ፣ እንዲደርስ ጊዜ ልሰጠው። «ደህና ግቡ» ውስጥ ገባሁ፤ እሱም አለቀ። እማዬ ደወለች፤ ስልኩ ይጠራል፣ አይነሳም። ሻይ ልትቀዳ ማንቆርቆሪያውን አነሳችና መልሳ አስቀመጠችው።

«የቱ ላይ ደረስሽ?» አለችኝ ሳታየኝ።

ታውቅ ኖሯል። እሷም አብራኝ ነበረች።

«አለቀ፣ እማ።»

እጄን አጥብቃ ያዘችኝ። «ድገሚው» አለች።

«ከየት?»

«ከብርዱ።»

ሁለታችንም ድምፃችንን አውጥተን ጀመርን። እማዬ በጀርመንኛው ቦታ የነቢዩን ሰለዋት ታስገባለች፣ ዜማው ግን አንድ አይዘነፍባትም። የትምህርት ቤት አውቶቡሴ መጥቶ ሄደ፤ ማናችንም ወደ መስኮቱ አልዞርንም። ደግመን ልንጨርሰው ስንቃረብ ጋራዡ ተንቋቋ።

አባዬ ጉንጩ ላይ የመኪናዋ ቀበቶ ሰንበር ታትሞበት ገባ። «ሲዲው ሞተ» አለ፣ እንደ መርዶ። «ግመሏ ላይ ጸጥ አለ። ጸጥ ሲል እንቅልፉ መጣ። ጎማው ጠጠር ላይ ሲወጣ ነው ብንን ያልኩት፤ ዳር ይዤ ቆምኩና... እዚያው ወሰደኝ፤ ስልኩ ከኋላ ወንበር ጃኬቴ ውስጥ ነበር።»

እማዬ አላለቀሰችም። ሻዩን ቀዳችለት፣ ስኳሩን አማሰለችለት፣ ከዚያ «ከዛሬ ጀምሮ ሌሊቱ የአላህ ነው፤ ያንተ አይደለም» አለችው። እሱም አልተከራከረም።

ቀን ሥራ ገባ። ሲዲው ከዚያ ወዲያ ትንፍሽ አላለም፤ መኪናዋም በስተመጨረሻ ጀርመኖቹን በሆዷ እንደያዘች አሮጌ ብረት ለሚገዛ ሰው ተሸጠች። አሁን አባዬ ጠዋት ሲወጣ እኔ ተኝቻለሁ። ማታ «ቤንዚን ልቀዳ ነው»፣ «ዳቦ ላምጣ ወይ?» እያለ ከየመንገዱ ይደውላል፤ እኛም «እሺ» ብለን ወደየሥራችን እንመለሳለን። አልሐምዱሊላህ፣ የሚያስፈራ ነገር የለም። ሻዩ ሲፈላ ተፋጥጠን የምንቆምበት ጠዋትም የለም፤ እማዬ እጄን እንደዚያ አጥብቃ ከያዘችኝ ቆየ። አንዳንዴ ያ ፍርሃት ይናፍቀኛል። ብነግራት ግን «ሟርተኛ!» ብላ ከኩሽና ታባርረኛለች።