ድስቷ ገባ፣ እሷ ቀረች

የቀርከሃ መፋቂያ እንሰት ላይ ሲንሸራተት የሚያሰማው ድምፅ፣ እዚህ ሆሳዕና ከጎረቤት ግቢ ብቅ ሲል፣ ዳምቦያ ያለው የአባቴ ጓሮ ይመጣብኛል። እናቴ ሳብ አድርጋ፣ ትንፋሽ ወስዳ፣ እንደገና ሳብ ታደርግ ነበር። ሬጌን ማንም አላስተማረኝም፤ ከሻይ ቤት ሬዲዮ መጀመሪያ የሰማሁት ዕለት «ይሄማ የእማዬ ምት ነው!» ብዬ የጮህኩት እኔ ነኝ። ከአንጋጫ እስከ ሞርሲቶ ይህን ከእኔ ቀድሞ የለየ ጆሮ ካለ ይምጣ።

ክረምቱን ከዘይት ቆርቆሮና ከብስክሌት ፍሬን ሽቦ ጊታር ሠርቼ፣ ከእናቴ አፋፋቅ ጋር እያመሳሰልኩ እጫወት ነበር። የቤቱ ሰው ሁሉ ሲስቅብኝ፣ ሸክላ ሠሪዋ እትዬ አማረች ብቻ፣ «አንተ ቆርቆሮ፣ ዛሬስ አታጫውተኝም?» እያለች ታዳምጠኝ ነበር። መስቀል ሲቃረብ አዲስ ድስት ተሸክማ ትመጣለች። የሸክላ ሠሪ ወገን ከሌላው ቤት አይገባም፣ በሌላው ዕቃም አይጠጣም ነበርና፣ እናቴ ድስቱን ጓዳ አስገብታ ለእሷ ደጅ ላይ በእንሰት ቅጠል ውሃ ትሰጣትና ቅጠሉን ትጥለው ነበር።

ያን ዓመት መስቀል፣ እንግዳው ሥጋውን ከብቦ፣ እትዬ አማረችም ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ሳለ፣ ተነሥቼ «ድስቷ ገባ፣ እሷ ቀረች» የሚለውን የመጀመሪያ ዘፈኔን ለቀቅኩት።

አጎቴ፣ «ጎበዝ፣ ቆርቆሮም ሰባኪ ሆነ!» ብሎ ሰዉን አሳቀው። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ የነበረው አባቴ ግን አልሳቀም።

«ወይ ዘፈኑን ተው፣ ወይ ቤቴን።»

«እሷ ትግባና እተዋለሁ» አልኩት።

አባቴ ፊቱን ወደ ሥጋው መለሰ። እትዬ አማረች ቀሚሷን አራግፋ ተነሣችና፣ «ተው ልጄ፤ እኔስ ወደ ቤቴ ነኝ፣ አንተ ወዴት ልትገባ ነው?» አለችኝ።

በጋው ሲገባ ጊታሬን አንግቼ ሆሳዕና ገባሁ፤ አባቴ እስኪሞት ድረስም እዚያ ቤት አላደርኩም። ያለ አስተማሪ ዘፈን ደርሼ፣ ያለ አስተማሪ ጊታር መትቼ፣ አዳራሽ ሙሉ ሰው ያስነሣሁ እኔ ነኝ።

በቅርቡ የወንድሜ ልጅ ሰርግ ላይ ያንኑ ዘፈን ስጀምር ድንኳኑ በሙሉ በቃሉ ተቀበለኝ። የእትዬ አማረች የልጅ ልጅ፣ የሙሽራዋ ባልደረባ የሆነችው መምህርት፣ ጥግ ላይ ለብቻዋ ተቀምጣ ታጨበጭብ ነበር። ሌላው ሁሉ በብርጭቆ ሲጠጣ፣ ለእሷ የቀረበላት ተጠጥቶበት የሚጣል የፕላስቲክ ኩባያ ነው። ያኔ ቅጠሉን ዝም ብለው ይጥሉት ነበር፤ ዛሬ ዘፈኔን እየዘፈኑ ይጥሉታል።