የጋሽ ታፈሰ የአየር ጠመንጃዎችና ርግቧ

ልጅ ሳለሁ ተረት የሰማሁት የተበላሸ ቅቤ በሚሸትበት ጋራዥ ውስጥ ነው። ኤጭ! ዛሬም ሳስበው አፍንጫዬን እይዛለሁ። ላስ ቬጋስ፣ ዊትኒ የሚባል ሰፈር ያለው ቤታችን ጋራዥ መኪና ገብቶበት አያውቅም፤ እኛ ጋ ይኖር የነበረው የአባቴ ጓደኛ፣ ጋሽ ታፈሰ፣ ከካዚኖ ሥራው ሲመለስ የሚከተትበት ዋሻው ነበር። ያኔ አንቱ እለው ነበር፤ ዛሬ ግን ልጽፈው ስቀመጥ አንቱታው አልወጣልሽ አለኝ።

ጋሽ ታፈሰ አሮጌ የአየር ጠመንጃ ይሰበስብ ነበር። ባሩድ የማያውቁ፣ ውስጣቸው ያለው ሞላ ተጨምቆ ሲለቀቅ ፒስተኑን፣ ፒስተኑ ደግሞ አየሩን ገፍቶ ትንሿን የእርሳስ ጥይት የሚያስፈነጥርባቸው ዓይነቶች። ሰዎች አሮጌ ዕቃቸውን ደጃቸው ላይ ከሚሸጡበት ከያርድ ሴል የዛገውን፣ ሰደፉ የተሰነጠቀውን ሁሉ ለቅሞ ያመጣና ይፈታታዋል፤ ሞላውን ያጥባል፣ ቃታውን በሞረድ ያለሰልሳል። የፒስተኑ ጫፍ ላይ ያለችው የቆዳ ቆብ ከደረቀች ጠመንጃው አየር ስለሚያፈስ፣ ሌላው ሰው ዘይት ጠብ ያደርግላታል። እሱ ግን ቅቤ! ከአገር ቤት የተላከለትን ቅቤ በባዶ የቱና ቆርቆሮ አቅልጦ ይነክራት ነበር። «ቆዳ የሚወደው ቅቤ ነው፤ ዘይት ምን ያውቃል!» ይል ነበር በኩራት። በዚያ በቬጋስ ሙቀት ቅቤው እንዴት እንደሚገማ የቀመሰ ያውቀዋል። ሲተኩስ ደግሞ ቅቤው ውስጥ ለውስጥ ይቃጠልና በአፈሙዙ ሰማያዊ ጭስ ይወጣል፤ የተለበለበ ፀጉር የሚሸት ጭስ።

ተረት መተረክ ግን ያውቅበታል፤ ልካደው ብልም አልችልም። ያኔ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ የጋራዡን በር እኩሌታ ድረስ ከፍቶ፣ በዚያች ብልጭ ድርግም በምትል አምፖል ሥር ሞላ እየጠረገ ሲጀምር ሽታውንም እረሳው ነበር። ከሁሉ የምወደው የአዳኙን ነበር። አዳኙ እንቁላሏን የታቀፈች ርግብ ላይ ሲያነጣጥር፣ «ልጆቼ እስኪበሩ ታገሰኝ፣ ከዚያ ራሴው እመጣልሃለሁ» ትለዋለች። ልጆቿ የበረሩ ዕለት እውነትም መጥታ አፈሙዙ ላይ ቁጭ አለች፤ አዳኙም አፍሮ ጠመንጃውን ድንጋይ ላይ ሰባበረው። እዚህ ጋ ሲደርስ ጋሽ ታፈሰ ድምፁ ይቆራረጣል፣ ዓይኑ እንባ ያቀርራል። እኔማ ስቅስቅ ብዬ ነበር የማለቅሰው።

በዚያው ሰሞን አንዲት ርግብ ጓሯችን ባለው የጥላ መጠለያ ወራጅ እንጨት ላይ ጎጆ ሠርታ ሁለት ጫጩት ፈለፈለች። እሱ የጠገነውን ጠመንጃ የሚሞክረው እዚያው ጓሮ፣ አጥሩ ሥር ባዶ ቆርቆሮ ለዒላማ ደርድሮ ስለነበር ጭንቅ ያዘኝ።

«ጋሽ ታፈሰ፣ ወደሷ አይተኩሱም አይደል?» አልኩት።

«ማርያምን! ያንን ተረት የነገርኩሽ ሰውዬ እኮ ነኝ!» አለኝ። አመንኩት። እንዴት አላምነው?

አንድ እሑድ ከኖርዝ ላስ ቬጋስ አንድ የሥራ ጓደኛው መጣ። ቢራቸውን ይዘው ጓሮ ወጡ፤ እኔ የወጥ ቤቱ በር ላይ ቆሜ ነበር። ጋሽ ታፈሰ ሲተኩስ ሲተኩስ ቆየና ጓደኛው በሳቅ ፍርስ አለ። «ይሄ እኮ የልጅ መጫወቻ ነው! ያቺን ርግብ እንኳ አይጥልም» አለው።

አፈሙዙ ከቆርቆሮው ተነስቶ ቀስ እያለ ወደ ወራጁ ሲወጣ በዓይኔ በብረቱ አየሁ። ጧ! ጭሱ ተነነ። ርግቧ ሲሚንቶው ላይ ዱብ አለች።

«በአንድ! አየህ አይደል? በአንድ ነው ያስተኛኋት!» ብሎ ጮኸ። ተጨባበጡ።

ከዚያ ዞር ሲል እኔን አየኝ። ፊቱ ወዲያው ተለወጠ፤ ተረት ሊጀምር ሲል የሚያደርጋትን ያቺን ፊት አመጣት። «ውይ ልጄን! እኔ ያለምኩት እኮ ቆርቆሮውን ነው። ቅቤው ነደደና ጥይቷን ወደ ላይ ወሰደብኝ» አለኝ። ድምፁ ተቆራረጠ፣ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ጓደኛው ሳቁን ለማፈን ፊቱን አዞረ።

መግደሉ ብቻ ቢሆን ኖሮ ምናልባት በጊዜ ብዛት ይወጣልኝ ነበር። ያቅለሸለሸኝ እንባው ነው። እውነተኛ እንባ ነበራ! አዳኙ ጋ ሲደርስ የሚያወጣው፣ እኔም እያየሁ አብሬው ያነባሁለት እንባ። እናቴ ልቅሶዬን ሰምታ ብትመጣ «ተይ በቃ፣ አታካብጂው፤ ሰውዬውን አሳፈርሽው እኮ» ብላኝ ገባች። ጫጩቶቹን ካርቶን ውስጥ አድርጌ የራሰ ዳቦ ባጎርሳቸው አልዋጥ አላቸው። ብዙም አልቆዩ።

ከዚያ ወዲያ አኮረፍኩት። ሰላም ሲለኝ ግድግዳ አያለሁ፣ ሲያስነጥስ እንኳ ይማርዎ አልልም። አንድ ምሽት ግን እናቴ ልብስ ከማድረቂያው እንዳወጣ ላከችኝ፤ ማድረቂያው ደግሞ ጋራዥ ውስጥ ነው። ጋሽ ታፈሰ ቀና ብሎም አላየኝም። ሞረዱን ይዞ፣ ለራሱ እንደሚያወራ ሰው፣ ሰምቼው የማላውቀውን ተረት ጀመረ። አንዲት ልጅ ባዶ ጉድጓድ ውስጥ በገመድ ትወርዳለች፤ ስትወርድ፣ ስትወርድ፣ ከታች ከጨለማው አንድ ሰው በስሟ ይጠራታል። እዚህ ጋ ሲደርስ ተረቱን ቆረጠው። ቃታውን መሞረድ ቀጠለ። አውቆ ነው፣ አስጠሊታ!

አሁን ልጆቼ የሚማሩበት ቦታ «ተረት ልጅን ያንጻል» የሚል ሰው አይጠፋም፤ ስሰማው አፌን ይመረኛል። ያን ዕለት ልብሱን ታቅፌ ቆሜ ቀረሁ። ያንን ሰውዬ ምን ያህል እንደተጸየፍኩት አንድ እግዜር ነው የሚያውቀው፤ ወደ ቤት ልግባ ብል ግን እግሬ እንቢ አለኝ።

«ማን ነው የጠራት?» አልኩት።