ትልቁ አዳፕተር

ልብስ ሰፊዋን ሰፈሩ «እትዬ ለምን» ይላታል። በልጅነቷ የግድግዳ ሰዓት ፈታታ ስትገጥም ሁለት ብሎን ተረፋት፤ ሰዓቱ ግን ሠራ። ብሎኖቹ ለምን እንደተረፉ እስከ ዛሬ ይከነክናታል።

ታናሽ ወንድሟ ኦርጋን ተጫዋች ነው። ጣቶቹ ቁልፎቹን ዳሰስ እንጂ ጫን ስለማያደርጉ «ቀስታ» የሚል ቅጽል ወጥቶለታል። ሰው እንደ ስልት ይወድለታል። የሙዚቃ ቡድኑ መሪ ግን፣ «ከበሮው ውጦሃል። ቅዳሜ ድምፅህ ካልወጣ ሌላ ሰው እንፈልጋለን» አለው። ቀስታ ሌላ መተዳደሪያ የለውም።

አርብ ኦርጋኑን ተሸክሞ እህቱ ሱቅ ገባ።

«እስቲ ጮክ አድርገው» አለችው።

«ጮክ ካለ ይጠፋል እኮ፣ እትዬ። አርጅቷል።»

«ለምን?»

«ጀመረሽ ደግሞ» አለና ድምፁን ከፍ አድርጎ በሁለት እጁ ተጫነው። ኦርጋኑ ድርግም አለ።

እሷ ኦርጋኑን ትታ ከግድግዳው ኃይል የሚያመጣለትን አዳፕተር ዳበሰች፤ ይፋጃል። መነጽሯን አድርጋ ጀርባውን አነበበች፦ 12 ቮልት፣ 0.5 አምፔር። ኦርጋኑን ገልብጣ ሆዱን አነበበች፦ 12 ቮልት፣ 1.5 አምፔር።

«ይሄ የራሱ ነው? ኦርጋኑ ከሚፈልገው ሲሶውን ብቻ ነው የሚችለው።»

«የራሱማ ድሮ ጠፋ። ይሄ ልክ ገባለት፣ በራ። ከዚያ ወዲያ ምን ልጠይቅ?»

ከኮተት ሣጥኗ ሌላ አወጣች። 12 ቮልት ይላል፤ የመሰኪያው የመደመር ዋልታም እንደ ኦርጋኑ መሃል ላይ ነው። አምፔሩ ግን 5 ነው። ቀስታ ገመዱን ቀማት።

«አምስት? ያነደዋል። መተዳደሪያዬ ነው እኮ።»

እሷም ፈራች። ዓይኗ ግን ካውያዋና የስፌት መኪናዋ ትንሽ አምፖል አብረው የተሰኩበት ማከፋፈያ ላይ ቀረ።

«ካውያው ስንት ኃይል ይጎትታል? ይቺ አምፖል ከዚያው ላይ ነው የበራችው። ለምን አልተቃጠለችም?»

ወንድሟ አምፖሏን ሲያይ ራሷ መለሰች።

«የሚበቃትን ብቻ ስለምትወስድ ነዋ። አምስት ማለት እስከ አምስት እችላለሁ ማለት እንጂ አምስቱን ዋጥ ማለት አይደለም። ቮልቱ ቢለይ ግን እኔም አልነካውም ነበር።»

ገመዱን ተቀብላ ሰካችው። ቀስታ በሁለት እጁ ተጫነ። ጠረጴዛው ላይ ያለው መቀስ ተንቀጫቀጨ፤ ኦርጋኑ አልጠፋም። አዳፕተሩን ብትዳብሰው ለብ ብሏል። እሱ ግን እጆቹን እያየ ቀረ።

«ይሄን ሁሉ ዓመት እንዳይጠፋብኝ እየሰጋሁ ነው የተጫወትኩት» አለ። «ቀስታ የሚሉት አዳፕተሩን ነው ለካ።»

እህቱ አዘነችለት።

ቅዳሜ እሷም ቡድኑ ወደሚጫወትበት ቤት ሄዳ ከኋላ ተቀመጠች። በመጀመሪያው ዘፈን የቡድኑ መሪ ወደ ከበሮ መቺው ዞሮ፣ «አንተ፣ ከፍ በል እንጂ» አለው። ሁለተኛውን ቀስታ እንደ ድሮው ዝቅ አድርጎ ተጫወተው፤ ቤቱ ጸጥ ብሎ ሰማው።

ወደ ቤት ሲመለሱ አላስችል አላት።

«ሁለተኛውን ለምን ዝቅ አደረግከው?»

«ስለፈለግኩ» አለ።