በባልዲ የመጣችው የጫሞ ልጅ

ቦሌ ሚካኤል ላይ ታክሲ የገባው ሰውዬ የተተኮሰ ሙሉ ልብስ ለብሷል፤ ጉልበቱ ግን ርሷል። ያቀፈውን ትልቅ ባልዲ ክዳን ገለጥ እያደረገ በቀጭን ቱቦ ትንፋሹን ወደ ውሃው ይነፋል። አጠገቡ የተቀመጡት እማማ ዘርፌ አጮልቀው ቢያዩ፣ ክንድ የምታህል ነጭ ዓሣ!

«ለጾም ነው ልጄ?»

«ኧረ እማማ፣ ቀስ ብለው ያውሩ፣ ትሰማለች! የጫሞ ሐይቅ ልጅ ናት። ሶፋዬን አውጥቼ የመስታወት ገንዳ አስገብቼላታለሁ። ቤት ስገባ የአገሬ ሰው ይጠብቀኝ ብዬ ነው።»

ሳሊተ ምሕረት ሊደርሱ ሲሉ ዓሣዋ መንቀሳቀስ አቆመች። የሰውዬው ፊት ዐመድ መሰለ፤ ጉንጩን ወጥሮ ነፋ፣ ነፋ። ተሳፋሪው ሁሉ አንገቱን ወደ ባልዲው አሰገገ። ድንገት ጭራዋን ስታወራጭ ውሃው ተፈናጥሮ የአሮጊቷን ነጠላ አራሰው።

በሰው ፊት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የማያውቁት እማማ ዘርፌ እልልታውን አቀለጡት።